ኦንላይንና ቅይጥ ኮርስ ስንነድፍ የምንሠራቸው ስህተቶች

በመጋቢት 2012 ኮሮና ካምፓሶችን ሲያዘጋ ብዙ መምህራን እጃቸው ላይ የነበረውን ፓወርፖይንት ሰብስበው ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ለቀቁት። ያኔ ሌላ ምርጫ አልነበረም። ማንም አልተዘጋጀም፣ ተማሪው ሻንጣውን ይዞ ወደየቤቱ ሄዷል። እኔን የሚቆረቁረኝ ለጭንቅ ቀን የተደረገው ነገር ዛሬም «ኦንላይን ኮርስ» እየተባለ መቀጠሉ ነው። ሙድል (ኮርስ የሚጫንበትና ተማሪው የሚገባበት የኦንላይን ሲስተም) ተተክሏል፣ ስልጠናም ይሰጣል፤ ብዙ ኮርስ ግን ከፋይል ማስቀመጫነት አላለፈም።

ስለዚህ ኦንላይን ወይም ቅይጥ (ከፊሉ ክፍል ውስጥ፣ ከፊሉ ኦንላይን የሚሰጥ) ኮርስ ለመንደፍ ለተቀመጣችሁ መምህራን፣ ደጋግሜ የማያቸውን ስህተቶች ልንገራችሁ።

ስላይድ ጭኖ «አስተማርኩ» ማለት

ሌላው ስህተት ሁሉ የሚወለደው ከዚህ ነው። ክፍል ውስጥ ስላይዱ ትርጉም የሚኖረው እናንተ ስላላችሁ ነው። ምሳሌ ትጨምራላችሁ፣ የተማሪውን ፊት አይታችሁ «አልገባችሁም መሰለኝ» ብላችሁ ትደግማላችሁ። ያ ሲቀር የሚተርፈው ሦስት አራት ቃል የተደረደረበት ገጽ ብቻ ነው። የርቀት ትምህርት ሞጁል ያየ ሰው ልዩነቱ ቶሎ ይገባዋል፤ ደህና ሞጁል አንባቢውን ያናግረዋል፣ በየርዕሱ መልመጃ ይሰጠዋል፣ መልሱንም መጨረሻ ላይ ያስቀምጥለታል። ወረቀት ሆኖ ያስተምራል።

ንድፉን ከመጨረሻው ጀምሩ። ሳምንቱ ሲያልቅ ተማሪው ምን መሥራት መቻል አለበት? መቻሉን በምን አውቃለሁ? ምን ቢለማመድ እዚያ ይደርሳል? ስላይዱና ቪዲዮው የሚመጡት እነዚህ ከተመለሱ በኋላ ነው።

የሁለት ሰዓት ሌክቸርን እንዳለ መቅዳት

እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ2014 የወጣ አንድ ጥናት ኤድኤክስ በተባለው የኦንላይን ኮርሶች ድረ ገጽ ላይ ወደ 6.9 ሚሊዮን የሚጠጉ የቪዲዮ እይታዎችን መርምሮ፣ ቪዲዮው ምንም ያህል ቢረዝም ተማሪው አብዛኛውን ጊዜ ከ6 ደቂቃ በላይ እንደማይቆይ አሳይቷል። ስለዚህ ቆራርጡት። በአንድ ቪዲዮ አንድ ሐሳብ፣ ከሥሩ አንድ ሁለት ጥያቄ። ምስሉ ምንም የማይጨምር ከሆነ ደግሞ ድምፅ ብቻ ይበቃል፤ የአንድ ሰዓት ድምፅ በ64 ኪሎቢት ቢቀዳ 30 ሜጋባይት አይሞላም።

ቢሮ ካለው ዋይፋይ ተነስቶ መንደፍ

ተማሪያችሁ ዶርም ውስጥ፣ ስክሪኑ በተሰነጠቀ ስልክ፣ በገዛው ፓኬጅ ነው የሚማረው። ኮርሱን ከመክፈታችሁ በፊት በራሳችሁ ስልክ፣ ዋይፋይ አጥፍታችሁ፣ በሞባይል ዳታ ግቡበት። በጎን የተገለበጠ ስካን ፒዲኤፍ ታገኛላችሁ፣ ላፕቶፕ ላይ ብቻ የሚታይ ሰንጠረዥም ታገኛላችሁ። የሙድል የስልክ አፕ ትምህርቱን አውርዶ ያለ ኔትወርክ ለማንበብ ያስችላል፤ ይህን ለተማሪው በመጀመሪያው ሳምንት አሳዩት።

ኩዊዙን ለአንድ ሰዓት ብቻ ከፍቶ መዝጋትም ከዚሁ የሚመጣ ነው። በዚያ ሰዓት መብራት የጠፋበት ልጅ ዜሮ ያገኛል፣ ትምህርቱን ግን ያውቀዋል። ሁለት ሦስት ቀን ክፍት አድርጉት፣ ከጀመረ በኋላ ያለውን ሰዓት ብቻ ወስኑ።

የሰዓቱ ነገር ራሱን ችሎ ይነገር። ሙድል 11:59 ፒኤም ሲል በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 5:59 ነው። «እስከ 6 ሰዓት» ብላችሁ ቴሌግራም ላይ ስትጽፉ አንዱ ቀን 6፣ ሌላው ሌሊት 6፣ ሦስተኛው እንደ ፈረንጆቹ የማታ 6 ብሎ ይረዳዋል። ቀኑንም ሰዓቱንም በሁለቱም አቆጣጠር ጻፉ። ትንሽ ነገር ትመስላለች፣ ግን በዚህ ብቻ አሳይመንት ያመለጠው ተማሪ ብዙ ነው።

ቅይጥ ሲባል ሁለት ኮርስ መደራረብ

እዚህ ላይ ቆም ልበል፣ ምክንያቱም ተማሪውን በጣም የሚጎዳው ይሄ ነው። ክፍል የሚሰጠው ሌክቸር እንዳለ ይቀጥላል፤ በላዩ ላይ ቪዲዮ፣ ንባብ፣ ኩዊዝና የውይይት መድረክ ይጨመራል። 5 ኢሲቲኤስ (የተማሪውን የሥራ ጫና የሚለካ ክሬዲት) ያለው ኮርስ በእኛ አገር ስሌት 135 ሰዓት ነው፣ ክፍሉም፣ የግል ጥናቱም፣ ፈተናውም ተደምሮ። ኦንላይን የጨመራችሁት ነገር ከሌላው ላይ ካልተቀነሰ ተማሪው ጫናው በዝቶበት ከኮርሳችሁ ይሸሻል።

አንድ ሳምንት እንውሰድ፦ መግቢያ ስታቲስቲክስ፣ ሚን (አማካይ) እና ሚዲያን (ቁጥሮቹ ከትንሽ ወደ ትልቅ ሲደረደሩ መሃል ላይ የሚውለው)። ተማሪው ቤቱ ሆኖ የ5 ደቂቃ ቪዲዮ ያያል፣ በአካባቢው ካሉ አምስት ሱቆች የአንድ ኪሎ ሽንኩርት ዋጋ ጠይቆ ሁለቱንም አስልቶ ሙድል ላይ ይጭናል። አንዷ 80፣ 85፣ 85፣ 90 እና 160 ብር አመጣች እንበል። ሚኑ 100 ነው፣ ሚዲያኑ 85። ክፍል ስትገናኙ ትርጉሙን ከመድገም ይልቅ የእሷን ቁጥር ሰሌዳው ላይ ጻፉና «ከአምስቱ ሱቆች አራቱ ከ100 በታች እየሸጡ እንዴት አማካዩ 100 ሆነ?» በሉ። ያ ክርክር ኦንላይን ቢሆን ይቀዘቅዛል፣ ፊት ለፊት ግን ይደምቃል። ስሌቱን ደግሞ ብቻውን መሥራት ይችላል። ምን የት ይሁን የሚለውን የምትወስኑት እንዲህ እያያችሁ ነው።

ባዶ የውይይት መድረክ

«ስለ ምዕራፍ 2 ተወያዩ» ብላችሁ ብትተዉት ማንም አይጽፍም። የመጀመሪያው ልጅ መልሱን ከጻፈው በኋላ የሚያልቅ ጥያቄም ለኩዊዝ እንጂ ለውይይት አይሆንም። እያንዳንዱ የራሱን ነገር ይዞ የሚመጣበት ጥያቄ ስጡ፣ እናንተም በሳምንት ሁለቴ ገብታችሁ መልሱ። መምህሩ የማይታይበት መድረክ ቶሎ ይሞታል።

ሁሉንም ነጥብ ፋይናል ላይ መከመር

ቻትጂፒቲ በአንድ ደቂቃ የሚመልሰውን ጥያቄ ለቤት ሥራ መስጠት ድካም ነው። ነጥቡን በየሳምንቱ በትንሽ በትንሹ በትኑት፣ ረቂቁንም አስገቡት፣ ከራሱ አካባቢ ያመጣውን መረጃ ጠይቁት፣ ከዚያ ክፍል ውስጥ አምስት ደቂቃ በቃል አስረዳ በሉት።

ሳይሞክሩ መክፈት

ሙሉ ሴሚስተሩን ጨርሳችሁ አትጠብቁ። የመጀመሪያውን ሳምንት ብቻ አዘጋጁና ኮርሱን ላልወሰዱ ሁለት ተማሪዎች በስልካቸው ስጧቸው። አጠገባቸው ተቀመጡ፣ ግን አትርዷቸው። ጣታቸው የት ላይ ቆሞ እንደሚፈልግ፣ የትኛውን መመሪያ ሁለቴ እንደሚያነቡት መዝግቡ፣ ሁለተኛውን ሳምንት የምትሠሩት ያንን ካስተካከላችሁ በኋላ ነው።