ክሬማቶሪየም ስትነድፉ መጀመሪያ መንገዱን ሳሉ

በእኛ ወግ ሰው ይቀበራል እንጂ አስከሬን አይቃጠልም፣ ግን ስዊድን ስንኖር ጎረቤት ወይ የስራ ባልደረባ ሲሞት ለስንብት የምንጠራው ብዙ ጊዜ ክሬማቶሪየም (አስከሬን የሚቃጠልበት ቤት) ነው፣ እኔም እንደዚ ስመላለስ ነው ቤቱ ለቀስተኛውን እንዴት እንደሚያግዘው ወይ እንደሚጎዳው ያየሁት። አርኪቴክቸር ለምትማሩ ልጆች ይጠቅማል ብዬ ነው የምጽፈው።

ከቻላችሁ ስቶክሆልም የሚገኘውን ስኩግስሺርኮጎርደን ሄዳችሁ እዩ፣ የጫካ መቃብር ማለት ነው። መቃብሩን ለመንደፍ የተደረገውን የ1915ቱን ውድድር ያሸነፉት አርኪቴክቶቹ ጉናር አስፕሉንድና ሲጉርድ ሌቨረንትስ ናቸው (ዓመቶቹ በፈረንጅ ነው)፣ ክሬማቶሪየሙ 1940 አለቀ፣ ዩኔስኮ ደግሞ 1994 በዓለም ቅርስነት መዘገበው። ቦታው ላይ ድሮ ጠጠር ይወጣበት ነበር፣ እነሱ ግን ጥዱን ጠብቀው ጉድጓዱንና ጉብታውን ለዲዛይኑ ተጠቀሙበት። ስለዚ ዶዘር ከማስገባታችሁ በፊት ሳይቱን በእግራችሁ ዙሩት፣ የትኛው ዛፍ እንደሚቀር ምልክት አድርጉ።

ከዛ ለቀስተኛው የሚሄድበትን መንገድ ሳሉ። እዛ ጉብታው ላይ የሚያስወጣው ደረጃ ወደ ላይ በሄዳችሁ ቁጥር የእያንዳንዱ እርከን ከፍታ እያነሰ ነው የሚሄደው፣ ያዘነ ሰው እያለከለከ እንዳይደርስ ተብሎ ነው እኮ! እኔ ስወጣው ምን እንደሆነ ሳላውቅ እግሬ ቀለለኝ። ለዊልቸር ግን ሌላ ለዘብ ያለ ተዳፋት ጨምሩ።

መግቢያና መውጫውን ለዩ፣ ይሄን በጣም አደራ። አንድ ሌላ ቦታ እኛ እያለቀስን ስንወጣ ቀጣዮቹ ለቀስተኞች አበባ ይዘው እዛው በር ላይ ቆመው ነበር፣ ባሏ የሞተባት ጎረቤታችን የት እንደምትዞር ጠፍቷት ፊቷን በሻርፗ ሸፍና ወደ ፓርኪንጉ ሮጠች፣ እስካሁን ያንገበግበኛል። አስፕሉንድ ትናንሾቹን ጸሎት ቤቶች የየራሳቸው መጠበቂያና ግቢ ሰጥቷቸዋል፣ እቶኑንም ከኋላ አድርጎታል።

የእቶኑ ሙቀት ከ800 ዲግሪ በላይ ነው። በጥርስ ሙሌት ውስጥ ያለው ሜርኩሪ ከጭሱ ጋር ስለሚወጣ ፊልተር የግድ ነው፣ ጭሱ ደግሞ ፊልተሩ ጋ ሳይደርስ መቀዝቀዝ አለበት፣ እዛ ላይ የሚገኘውን ሙቀት አታባክኑት፣ ህንጻውን አሙቁበት። እንግሊዝ ሬዲች ከተማ ከ2013 ጀምሮ መዋኛ ገንዳ ያሞቁበታል፣ አንዳንዱን ሰው ይሰቀጥጠዋል፣ እኔ ግን ከሟች ለጎረቤት የተረፈ ሙቀት አድርጌ ነው የማየው። ለፊልተሩ ማሽን በቂ ክፍል ገና ከጅምሩ ያዙለት፣ ኋላ ከተጨመረ ውበቱን ያበላሻል።

አመዱን በተመለከተ፣ ጨው ስለሚበዛበትና አልካላይን (የአሲድ ተቃራኒ) ስለሆነ ዛፍ ስር ክምር አድርጎ መድፋት ስሩን ይጎዳል፣ ከብዙ አፈርና ኮምፖስት ጋር ይደባለቅ፣ ቦታውም በየጊዜው ይቀያየር፣ አጠገቡ ደግሞ ቤተሰብ የሚቀመጥበት የእንጨት አግዳሚ አድርጉ፣ ብረት ከሆነ በክረምት ይቀዘቅዛቸዋል።