ስፕሊት ኤሲ ቤት ውስጥ ውሃ ሲያንጠባጥብ

የባህር ዳር ሚያዝያና ግንቦት ያለ ኤሲ ይከብዳል። የኛ ስፕሊት ኤሲ ጥሩ ያቀዘቅዛል፤ ግን ከሥሩ ውሃ እየተንጠባጠበ የግድግዳውን ቀለም ላጠው።

ፊልተሩን አጠብን፤ ለውጥ የለም። «ጋዝ ይሞላ» ተባለ። ጋዝ ሲያንስ ኮይሉ (ውስጡ ያለው አየሩን የሚያቀዘቅዘው ቱቦ) በረዶ ይይዛል፣ ሲቀልጥ ይንጠባጠባል። ከፍተን ስናይ በረዶ የለም። ጋዙን ተውነው።

ችግሩ ደጅ ነበር። የውሃ መውረጃው ጎማ ጫፍ ጀሪካን ውስጥ ተነክሯል። ጫፉ ውሃ ውስጥ ሲሆን ጎማው ውስጥ ያለው አየር መውጫ ያጣል፤ ውሃውም አልወርድ ይላል። መሀሉም ረግቦ አረንጓዴ ዝቃጭ ይዟል።

መብራቱን ከቆጣሪ አጠፋሁ። ጎማውን ከውስጥ በኩል ፈትቼ በብስክሌት ፓምፕ ወደ ውጭ ነፋሁት፤ ዝቃጩ እንደ አተላ ወጣ። ጫፉን ከጀሪካኑ አፍ በላይ ቆረጥኩት፤ እስከ ታች ቁልቁል እንዲወርድ አድርጌም አሰርኩት። ከኮይሉ ሥር ውሃውን የሚቀበለው ትሪ ላይ አንድ ብርጭቆ ውሃ ባፈስ ሁሉም ደጅ ወረደ። ግድግዳው አሁን ደርቋል።

ጀሪካኑን አትጣሉት፤ ውሃው ለወለል መወልወያ ይሆናል። ጎማው ብቻ አይነከር።