ከጉባኤው አዳራሽ እስከ ታክሲ ተራው፦ ለደሴና ለኮምቦልቻ የምክር ቤት ተመራጮች ነዋሪን የማሳወቅ መመሪያ

ምክር ቤቱ ሐሙስ ያጸደቀውን ነገር ነዋሪው ሰኞ ገበያ ላይ ተጣሞ ከሰማው፣ ተመራጩ ከዚያ በኋላ የሚናገረው ሁሉ ማስተባበያ ይመስላል። ደሴ ውስጥ ወሬ ከሸዋ በር ሆጤ ለመድረስ አንድ የታክሲ ምልልስ ይበቃዋል። ኮምቦልቻ ላይ ደግሞ የፋብሪካ ፈረቃ ሲቀየር በአንድ ምሽት ከተማውን ያዳርሳል። ስለዚህ ከጉባኤ በኋላ ያሉት ሦስት ቀናት ከጉባኤው እኩል ሥራ የሚሠራባቸው ናቸው። ሰነድ ሳይይዝ ለመናገር የሚቸኩል ተመራጭ ግን ወሬውን የሚፈጥረው ራሱ ነው።

መጀመሪያ ወረቀቱ

ከአፈ ጉባኤው ጽሕፈት ቤት አራት ሰነዶች በእጅዎ ይግቡ፦ የምክር ቤቱ የአሠራርና የሥነ ሥርዓት ደንብ፣ የዓመቱ የጸደቀ በጀት፣ የከተማ አስተዳደሩ ዓመታዊ ዕቅድ፣ የከተማው መዋቅራዊ ፕላን። ደንቡ የምልዓተ ጉባኤውን ቁጥር፣ አጀንዳ ማስያዣ ጊዜውንና የቋሚ ኮሚቴዎችን ሥልጣን ይነግርዎታል። አጀንዳ ማስያዝ የሚቻልበትን ቀን የማያውቅ ተመራጭ የሰፈሩን ጥያቄ "ልዩ ልዩ" በሚለው ርዕስ ሥር፣ ሰው ሁሉ ለመነሣት ኮቱን ሲሰበስብ ያቀርባል፤ ቃለ ጉባኤው ላይም በአንድ መስመር ይቀራል።

በጀቱን ሲያነቡ መደበኛውን (ደመወዝና የሥራ ማስኬጃ) ከካፒታሉ (ግንባታና መሰል ፕሮጀክት)፣ የማዘጋጃ ቤቱን ገቢ ከመንግሥት ከሚመጣው ይለዩ። ከዚያ ለእያንዳንዱ ፕሮጀክት ሦስት ቁጥር ይፈልጉ፦ የጸደቀው፣ የተለቀቀው፣ ሥራ ላይ የዋለው። ለነዋሪው የመጀመሪያውን ብቻ ከነገሩት በሚያዝያ "ያ ሁሉ ብር የት ገባ?" ይባላሉ፤ ገንዘቡ ግን ከነጭራሹ አልተለቀቀም ይሆናል። ሌላው ወጥመድ ተጨማሪ እሴት ታክስ ነው። የ4,000,000 ብር ውል ከ15 በመቶው ታክስ ጋር 4,600,000 ይሆናል። አንዱ ባለሙያ ያለ ታክሱ፣ ሌላው ከታክሱ ጋር ከተናገረ ሰፈሩ 600,000 ብር ተሰረቀ ብሎ ያድራል። ስለዚህ ቁጥር ሲጠሩ ታክሱ የገባበት መሆኑን አብረው ይናገሩ።

የጊዜውም ነገር አለ። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል፣ ሰኔ 30 ያልቃል። የበጀት ረቂቅ ቀርቦ ሊጸድቅ ሲል የሚነሣ የኮብልስቶን ጥያቄ ለዚያ ዓመት አይደርስም ማለት ይቻላል። የሰፈሩን ጥያቄ በጥርና በየካቲት ሰብስበው፣ ሴክተር መሥሪያ ቤቱ ዕቅዱን ሳይዘጋ በደብዳቤ ያስገቡ። ደብዳቤውን በሁለት ቅጂ ይዘው ይሂዱ፤ አንዱን መዝገብ ቤት ይሰጣሉ፣ ሁለተኛው ላይ የገቢ ቁጥርና ቀን አስመትተው ይመለሳሉ። ቁጥር የሌለው ደብዳቤ እንዳልተጻፈ ነው።

ጥያቄው የማን ነው?

ከስብሰባ ጥያቄ ብዙው የከተማው ምክር ቤት የማይወስነው ነው። መብራት የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት፣ ስልክና ኢንተርኔት የቴሌኮም ድርጅቶች፣ ከተማዎቹን አቋርጦ የሚያልፈው አገር አቋራጭ አስፋልት የኢትዮጵያ መንገዶች አስተዳደር ነው። ወሎ ዩኒቨርሲቲና የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክም የፌዴራል ናቸው። የውስጥ ለውስጥ መንገድ፣ የፍሳሽ ቦይ፣ ደረቅ ቆሻሻ፣ የንግድ ቦታና የመሬት አገልግሎት ግን እርስዎና ባልደረቦችዎ የምትቆጣጠሩት ነው። የውሃ አገልግሎቱ በቦርድ ይመራል፤ ስለ ፈረቃ ሲጠየቁ የቦርዱን ውሳኔ ይዘው ይምጡ እንጂ በራስዎ ግምት ቀን አይስጡ።

"እኛን አይመለከትም" ብሎ መዝጋት ግን ስንፍና ነው። ጉዳዩ የማን እንደሆነ፣ ደብዳቤ እንደጻፉለትና መልሱን መቼ እንደሚያሳውቁ ይናገሩ።

አራቱ ደረጃዎች

በዚህ ሥራ ትልቁን ጉዳት የሚያደርሰው ቃል "ይሠራል" ነው። ተመራጩ "በዕቅድ ተይዟል" ለማለት ይጠቀምበታል፤ ነዋሪው "ነገ ማሽን ይመጣል" ብሎ ይሰማዋል። ስለ ማንኛውም ጉዳይ ሲናገሩም ሆነ ሲጽፉ ከነዚህ አንዱን ብቻ ይምረጡ፦

ጥያቄ ቀርቧል። በዕቅድ ተይዟል። በጀት ጸድቆለታል። ውል ተፈርሟል።

ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ቃል ከተጠቀሙ ሰዉ ራሱ "ስንተኛው ላይ ደረሰ?" ብሎ መጠየቅ ይጀምራል። የወረደ ጉዳይም ይነገራል፤ በዕቅድ ተይዞ በጀት ካጣ፣ ከሌላ ከመስማታቸው በፊት ከእርስዎ ይስሙ።

ማስታወቂያው ከአንድ ገጽ ግማሽ አይለፍ። አብነት፦

"የ… ቀበሌ ነዋሪዎች። ከወፍጮ ቤቱ እስከ መስጊዱ መታጠፊያ ያለው 400 ሜትር መንገድ በኮብልስቶን እንዲሠራ በጀት ጸድቆለታል። ምክር ቤቱ የወሰነው ሐምሌ … ቀን ባደረገው መደበኛ ጉባኤ ነው። ገንዘቡ ከማዘጋጃ ቤት ገቢ፣ ታክስን ጨምሮ … ብር። ውል ገና አልተፈረመም። ቀጣዩን እስከ መስከረም 15 እናሳውቃለን። ጥያቄ ያለው ማክሰኞ ከ8 እስከ 10 ሰዓት በቀበሌው ጽሕፈት ቤት ያገኘናል።"

"ገና አልተፈረመም" የሚለውን መስመር ብዙዎች ያወጡታል፣ ስለሚያሳፍር ይመስላል። ማስታወቂያው እንዲታመን የሚያደርገው ግን እሱ ነው። ቀኑም የግድ ነው፤ መልስ ባይኖር እንኳ መስከረም 15 "እስካሁን አልተፈረመም፣ ምክንያቱ ይህ ነው" ብለው ይለጥፉ።

ጽሑፉ ቆሞ ለሚያነብ አዛውንት እንዲታይ ፊደሉ ቢያንስ 16 ነጥብ ይሁን። ማኅተም ከሌለው አይታመንምና በጽሕፈት ቤቱ በኩል አስመትተው፣ ክረምት ከሆነ በላስቲክ ሸፍነው ይለጥፉ። የቀበሌው ሰሌዳ ብቻውን አይበቃም፤ ቀበሌ የሚሄደው ጉዳይ ያለው ሰው ነው። ወፍጮ ቤት፣ የሸማቾች ሱቅ፣ ጤና ጣቢያ፣ የታክሲና የባጃጅ ተራ ይጨምሩ። ቤተ ክርስቲያንና መስጊድ በር ላይ ከመለጠፍዎ በፊት አስተዳዳሪውንና ኢማሙን ያስፈቅዱ፤ ለአንዱ ለጥፎ ሌላውን መርሳት ደሴ ላይ ቶሎ ይታያል። ጊዜው ያለፈበትን ወረቀት የለጠፈው ሰው ራሱ ያንሣው።

ቴሌግራም ላይ ማስታወቂያው የሚወጣበት ቻናልና ጥያቄ የሚነሣበት ግሩፕ ይለያዩ፤ አለዚያ ውሳኔው በ200 "እንዴት አደራችሁ" ሥር ይቀበራል። ማንበብ ለማይችሉ ያንኑ ጽሑፍ በአንድ ደቂቃ ድምፅ ይቅዱት። የእርዳታ ተጠቃሚዎችን ወይም የቦታ አቤቱታ ያቀረቡ ሰዎችን ስምና የቤት ቁጥር በፍጹም አያውጡ።

ስብሰባ

ዓርብ በጁምዓ ሰዓት፣ እሑድ ጠዋት በቅዳሴ፣ ደሴ ላይ ደግሞ ሰኞ በገበያው ቀን አይጥሩ። የሰፈሩን ደብር የወር በዓል ይጠይቁ። በረመዳን ከሰዓት በኋላ የተጠራ ስብሰባ ለማፍጠሪያ በሚቸኩሉ ሰዎች ይበተናል። ብዙ ጊዜ የሚሠራው እሑድ ከ9 ሰዓት ጀምሮ ነው። ኮምቦልቻ ላይ የፋብሪካ ሠራተኛ ለበዛበት ሰፈር ግን ያንኑ ስብሰባ ሁለት ጊዜ፣ ለሁለት ፈረቃ መድገም ያስፈልጋል።

በቀጠና ተጠሪ ስልክ ብቻ ከጠሩ የሚመጡት ሁልጊዜ የሚመጡት ናቸው፤ አንዳንዱም አበል ይጠብቃል። እድር ይሻላል። ለእድሩ ዳኛና ጸሐፊ ከሳምንት በፊት ነግረው በወር ስብሰባው መጨረሻ 15 ደቂቃ ይለምኑ። የእድሩ ጉዳይ ሳያልቅ አይናገሩ፣ የፓርቲ ነገር አያንሡ፣ ለቅሶ ላይ ደግሞ ጭራሽ። ጋሼና እትዬ ብለው ለሚጠሯቸው ትልልቅ ሰዎች አስቀድመው ቤታቸው ሄደው ቢያስረዱ በስብሰባው ላይ ከባዱን ጥያቄ በለዘበ ቃል ያነሡልዎታል።

ለራስዎ ስብሰባ 90 ደቂቃ ይበቃል፦ 20 ደቂቃ ሪፖርት፣ የቀረው የነዋሪ። ሪፖርቱ አንድ ሰዓት ከወሰደ ቡና ያስቀመጡ እናቶች ጥያቄያቸውን ይዘው ይሄዳሉ። ሴቶች እንዲናገሩ በመጀመሪያ ዙር ሁለት እጅ ከዚያ ወገን ይስጡ፣ ባዶ ወረቀትም ያዙሩ። መብራት ይጠፋልና ድምፅ ማጉያው ባትሪ ያለው ይሁን።

ጥያቄ ሁሉ በአንድ መዝገብ ይገባል፦ ተራ ቁጥር፣ ቀን፣ ሰፈር፣ ጥያቄው፣ የተላከበት መሥሪያ ቤትና የደብዳቤ ቁጥር፣ መልሱ፣ መልሱ ለነዋሪው የተነገረበት ቀን። የመጨረሻዋ ዐምድ ባዶ ከሆነች ሥራው አላለቀም። የሚቀጥለውን ስብሰባ በአዲስ ንግግር ሳይሆን ይህን መዝገብ በማንበብ ይክፈቱ።

መሥሪያ ቤት መረጃ ሲከለክል

በመጀመሪያ በቋሚ ኮሚቴዎ በኩል ይጠይቁ። ነዋሪውም የራሱ መንገድ አለው፦ በመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 መሠረት ለመሥሪያ ቤቱ የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊ በጽሑፍ ወይም በቃል መጠየቅ ይችላል። መልስ በ30 ቀናት ውስጥ ሊሰጠው ይገባል፤ ዝም ከተባለ እንደተከለከለ ይቆጠራል። ቅሬታው ወደ መሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ፣ ቀጥሎ ወደ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ይሄዳል። ይህን ማመልከቻ የሚጽፍ ሰው ላጣ ነዋሪ ማገዝ የተመራጭ ሥራ ነው።

የክረምት ማስታወቂያ

ደሴ በጦሳ ተራራና በአዝዋ ገደል መካከል የተቀመጠች ናት። ጎርፍ ይወርድባታል፣ ተዳፋቱ ላይም መሬት ይንሸራተታል። የክረምት መልእክት በግንቦት አጋማሽ ካልወጣ ቦይ ለማስጠረግ ጊዜ የለም። "ጥንቃቄ አድርጉ" የሚለው ማስታወቂያ ምንም አይረዳም። የትኛው ቦይ በየትኛው ቀን እንደሚጠረግ፣ ከየትኛው መታጠፊያ በታች ያሉ ቤቶች እንደሚያሰጋቸው፣ ሌሊት የሚደወልለት ሰው ማን እንደሆነና የሚጠለሉበት አዳራሽ የት እንደሆነ ይጻፍ። ግድግዳ ላይ አዲስ ስንጥቅ፣ በሮች መጣበቅና ከተዳፋት ያልተለመደ ውሃ መፍለቅ የመንሸራተት ምልክቶች ስለሆኑ በዝርዝር ይነገሩ። ደሴ ላይ ቦይ ውስጥ የተጣለ ፌስታል በቦርከና ወርዶ ኮምቦልቻ ይደርሳል፤ የሁለቱ ከተሞች ተመራጮች ይህን መልእክት በአንድ ሳምንት ቢያወጡት ይሻላል።

ማስታወቂያ ሲሳሳት

አዲሱን ብቻ አይለጥፉ። "ባለፈው 400 ሜትር ያልነው 340 ነው" ብለው ስሕተቱን ከነቁጥሩ፣ በዚያው ቦታና በዚያው የፊደል መጠን ያውጡት፤ ቴሌግራም ላይም የቀድሞውን ከማጥፋት ማረሚያውን ከሥሩ ያያይዙ። የሥራ ዘመንዎ ሲያልቅ መዝገቡንና የደብዳቤዎቹን ቅጂ ለጽሕፈት ቤቱ በፊርማ ያስረክቡ፣ አንድ ቅጂም ለሚተካዎ ተመራጭ ይስጡ፤ መልስ ያላገኙት ጥያቄዎች በቀይ ይሠመርባቸው።