ጂየንዱይ ሲፈነዳ፣ ታንግዩዋን ሲሰነጠቅ፦ የቻይና በዓል ጣፋጮች ችግርና መፍትሄ

ጓንግዡ በኖርኩባቸው ዓመታት የቻይናውያን አዲስ ዓመት ሲቃረብ የፎቃችን ኮሪደር በሙሉ ሰሊጥ ሰሊጥ ይሸት ነበር። ጎረቤቴ የነበሩት እናት ጂየንዱይ የሚጠብሱት ያኔ ነው። ጂየንዱይ ሰሊጥ የለበሰ ድቡልቡል ጣፋጭ ነው። ዘይት ውስጥ ሲገባ እንደ ኳስ ይነፋል። ጓንግዡ ያለችበት የጓንግዶንግ ክፍለ ሀገር ሰዎች «ጂየንዱይ ሲንከባለል ወርቅና ብር ቤቱን ይሞላል» ይላሉ። መነፋቱ ራሱ ምርቃት ነው ማለት ነው። እኔም የተማርኩት ከእሳቸው ጎን ቆሜ ነው። ብዙ አበላሽቻለሁ፤ የተበላሸው ለምን እንደሆነ ግን እያንዳንዱን ነግረውኛል።

ሊጡ አይለጠጥም፣ ይፈረፈራል

መጀመሪያ ከረጢቱን እዩ። የሚያስፈልገው ከሚያጣብቀው ሩዝ የተፈጨው፣ ቻይናዎቹ ኑዎሚፈን የሚሉት ዱቄት ነው። ተራው የሩዝ ዱቄት በመልክ አይለይም፣ ግን በጭራሽ አይሆንም። ባለሦስት ራስ ዝሆን ሥዕል ያለበትን የታይላንድ ዱቄት የምትገዙ ከሆነ አረንጓዴውን አንሱ። ቀዩ ተራው ነው።

ዱቄቱ ትክክል ሆኖም ሊጡ ከተፈረፈረ ምክንያቱ ሌላ ነው። ይህ ዱቄት እንደ ስንዴ ግሉተን የለውም። ብታሹት ብታሹት አይጠነክርም። መላው እኛ ቤት ያለ ነው፦ አብሲት! ጤፍም ግሉተን ስለሌለው ከሊጡ ቀንሰን አብስለን እንመልስበት የለ? እዚህም እንደዚያው ነው። 250 ግራም ዱቄት በ75 ግራም ስኳርና በ200 ሚሊ ሊትር ገደማ ሙቅ ውሃ አቡኩ። ስኳሩ ቀድሞ ውሃው ውስጥ ይሟሟ፤ ውሃውንም ሁሉን በአንዴ አትጨምሩት። ከሊጡ አንድ አምስተኛውን ቆርሳችሁ እንደ ቂጣ ጠፍጥፉና የፈላ ውሃ ውስጥ ክተቱት። ሲንሳፈፍ አውጡትና ከቀሪው ጋር እሹት። መጀመሪያ እጅ ላይ ይለጠፋል፤ አትደንግጡ። ትንሽ ቆይቶ እንደ ጆሮ ጫፍ ልስልስ ይላል።

ዘይት ውስጥ ይፈነዳል

ይህን በደንብ አንብቡት፣ ምክንያቱም አደጋ አለው። ጂየንዱይ ሲፈነዳ የጋለ ዘይት ይረጫል። ጥልቅ ድስት ተጠቀሙ፤ ክዳኑም እጃችሁ አጠገብ ይሁን። ልጆች ከወጥ ቤት ይውጡ።

የሚፈነዳው ውስጡ የታመቀው እንፋሎት መውጫ ሲያጣ ነው። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የሊጡ መድረቅ ነው። ፈተናው ቀላል ነው። አንዷን ድቡልቡል በአውራ ጣታችሁ ተጫኗት። ጠርዟ ከተሰነጠቀ ውሃ ይጎድላታል፤ በሻይ ማንኪያ እየጨመራችሁ እሹ። ሌላው ጥፋት ሙሌቱና ሊጡ መሃል አየር መቅረቱ ነው። ሙሌቱ የቀይ ቦሎቄ ድልህም ይሁን የተፈጨ ሰሊጥ፣ ሊጡን ጥብቅ አድርጋችሁ ጠቅልሉበትና መግጠሚያውን በደንብ አሹት።

ሦስተኛው እሳት ነው። ዘይቱ ገና ከጅምሩ ከጋለ ላዩ ቶሎ ይደርቃል፤ ውስጡ ሊነፋ ሲል ቅርፊቱ አይለጠጥለትም። ከ140 እስከ 150 ዲግሪ ላይ ጀምሩ። ቴርሞሜትር ከሌላችሁ የእንጨት ማማሰያ ዘይቱ ውስጥ አቁሙ። በዙሪያው ትንንሽ አረፋ ዝግ እያለ ከወጣ በቂ ነው።

አይነፋም

ሳይነኩት እየጠበሱት ይሆናል። ጎረቤቴ ኳሶቹ ሲንሳፈፉ በጭልፋ ጀርባ ቀስ አድርገው ወደ ታች ይጫኗቸውና ይለቋቸዋል። ኳሷ ስትለቀቅ ብድግ ትላለች፣ ከቅድሙ ትንሽ ተልቃ። ደጋግሞ መጫን፣ ማገላበጥ፣ እንደገና መጫን። ትዕግሥት ነው ዋናው። መጠኑን ከያዘች በኋላ እሳቱን ወደ 170 ከፍ አድርጉና ወርቃማ ይሁን።

ከወጣ በኋላ ይሟሽሻል

ቶሎ ወጥቷል። ቅርፊቱ ገና ለስላሳ ነበር። በጭልፋ ስትነኩት ደረቅ ድምፅ እስኪሰጥ ጠብቁ።

ሰሊጡ ይረግፋል

ኢትዮጵያ ለቻይና ብዙ ሰሊጥ ስለምትሸጥ በዚህ ላይ እኔና ጎረቤቴ ወሬ አያልቅብንም ነበር። ኳሱን ውሃ ውስጥ ነክራችሁ ወዲያው አውጡት፤ ሰሊጡ ላይ አንከባልሉት፤ ከዚያ በሁለት መዳፍ መሃል ጠበቅ አድርጋችሁ አዙሩት። የሚረሳው ይህ የመጨረሻው ነው። ሰሊጡ ያልተቆላ ይሁን፤ የተቆላው ዘይት ውስጥ ያራል።

ታንግዩዋን ሲቀቀል ይሰነጠቃል

ታንግዩዋን በቻይናውያን የጨረቃ አቆጣጠር በመጀመሪያው ወር 15ኛ ቀን፣ በፋኖስ በዓል የሚበላ ቅቅል ነው። ዱቄቱ ያው ነው፤ የመድረቅ ችግሩም ያው ነው። የሚለየው ሙሌቱ ነው። ጥቁር ሰሊጥ፣ ስኳርና የአሳማ ስብ የተቀላቀለበት ስለሆነ ሲሞቅ ይፈሳል። ስለዚህ አስቀድማችሁ አድቦልቡላችሁ ፍሪዘር ውስጥ አጠንክሩት፤ ለመጠቅለልም ይመቻል። ጾመኛ ከሆናችሁ በኮኮናት ዘይት መሥራት ይቻላል።

ውሃው ሲንተከተክ ጨምሩና እሳቱን ቀንሱ። ታች እንዳይጣበቅ በማንኪያ ጀርባ ገፋ ገፋ አድርጉት። ውሃው ከተቆጣ ቀዝቃዛ ውሃ ጠብ አድርጉበት። ሲንሳፈፍ አንድ ሁለት ደቂቃ ታግሳችሁ አውጡ። ፍሪዘር ያደረውን ደግሞ ሳታቀልጡ በቀጥታ የፈላ ውሃ ውስጥ ክተቱት።

ኒየንጋኦ በማግስቱ ድንጋይ ይሆናል

አልተበላሸም፤ አትጣሉት። ይህ በእንፋሎት የሚበስል ጣፋጭ ሲቀዘቅዝ ስታርቹ ይጠጥራል፤ ሲሞቅ ይመለሳል። የጣት ውፍረት ባለው መጠን ቁረጡት፤ የተመታ እንቁላል ውስጥ ንከሩት፤ ትንሽ ዘይት ባለው መጥበሻ ላይ በዝግታ ጥበሱት። ዳሩ ኩርሽም ሲል መሃሉ እንደ ማር ይሳባል። ጎረቤቴ ይህን ሆን ብለው ያሳድሩት ነበር፤ እኔም ከዕለቱ ይልቅ የማግስቱን እመርጣለሁ።