ግመሎቹ ለምን በዙ? ስክራች ላይ በክሎን ስንሠራ የምንሳሳታቸው ነገሮች

ቅዳሜ ቅዳሜ ደሴ ውስጥ ልጆችን ስክራች (ብሎክ እየገጣጠሙ ጌም የሚሠሩበት የኮዲንግ መማሪያ) አስተምራለሁ። አንዷ ተማሪዬ የባቲን የሰኞ ገበያ ጌም አድርጋ እየሠራች ነበር። ግመሎች ከቀኝ ወደ ግራ ይነዳሉ፣ ነጋዴው በመሃላቸው ይሽሎከለካል። ስፔስን ደጋግማ ስትጫን ግን ስክሪኑ በግመል ተጥለቀለቀ፤ ላፕቶፑም ተንቀራፈፈ። ደነገጠች። «አብሽሪ፣ ሁሉም እዚህ ጋ ይሳሳታል» አልኳት።

ስህተቷ ክሎን፣ ማለትም የግመሉን ቅጂ፣ የሚፈጥረውን ብሎክ ግመሉ ላይ፣ «ስፔስ ሲጫን» ከሚለው ሥር ማስቀመጧ ነው። ክሎን የእናቱን ኮድ በሙሉ ይዞ ነው የሚወለደው። ስለዚህ ቁልፉ ሲነካ ዋናው ግመል ብቻ ሳይሆን ክሎኖቹም ይሰሙታል፤ እነሱም ይወልዳሉ። 1 የነበረው 2፣ ከዚያ 4፣ ከዚያ 8 ይሆናል። ቁልፉ ለ8ኛ ጊዜ ሲነካ 256 ግመል አለ። ስክራች በአንድ ጊዜ ከ300 ክሎን በላይ ስለማይፈቅድ 9ኛው ላይ ጣሪያው ይነካል። ከዚያ በኋላ «ክሎን ፍጠር» ቢባል ምንም አይሆንም፤ የስህተት መልእክትም አይወጣም። ለጀማሪ በጣም የሚያስቸግረው ይሄ ዝምታ ነው። መፍትሔው የመፍጠሩን ሥራ ለስቴጁ (ግመሎቹ ለሚንቀሳቀሱበት መድረክ) መስጠት ነው፤ ስቴጅ ክሎን የለውም። ብሮድካስትም (ለሁሉም የሚላክ መልእክት) እንደ ቁልፉ ነው፦ አንድ ጊዜ ሲላክ ሁሉም ክሎን ይቀበለዋል።

ሁለተኛው ስህተት ክሎኖቹን አለማጥፋት ነው። ግራ ጠርዝ የደረሰ ግመል እዚያው ይከማቻል። የስቴጁ ስፋት 480 ነው፤ መሃሉ 0 ስለሆነ ግራ ጠርዙ -240 ላይ ነው። ኤክስ (የግራና ቀኝ ቦታው) ከ-230 ሲያንስ «ይህን ክሎን አጥፋ» በሉት።

ፍጥነትን በቫሪያብል (ቁጥር በሚያስቀምጥ ሳጥን) ስትይዙ «ለዚህ ስፕራይት ብቻ» የሚለውን ምረጡ፤ ስፕራይት ማለት እንደ ግመሉ ያለ የጌሙ ገጸ ባሕርይ ነው። «ለሁሉም» ካላችሁት አንዱ ግመል ሲፈጥን ሁሉም አብሮ ይፈጥናል። ዋናውን ግመል ደብቃችሁ ከሆነ ደግሞ ክሎኑም ተደብቆ ነው የሚወለደው፤ «ክሎን ሆኜ ስጀምር» ከሚለው ሥር «ታይ» የሚለውን አትርሱ።

ችግሩን ስትፈልጉ ኮዱን እያፈረሱ እንደገና መገጣጠም ጊዜ ማባከን ነው። እኔ መጀመሪያ ቆጣሪ አስቀምጣለሁ። «ለሁሉም» የሆነ ቫሪያብል ክሎን ሲጀምር 1 ይጨምራል፣ ከመጥፋቱ በፊት 1 ይቀንሳል። «በፊት» ያልኩት ከማጥፊያው ብሎክ በታች ምንም ስለማይገጠም ነው። አረንጓዴው ባንዲራ ሲጫንም ወደ 0 መልሱት። ባንዲራው ክሎኖቹን ያጠፋል እንጂ ቫሪያብሉን አይነካም፤ ካልመለሳችሁት የቀድሞው ቁጥር ያሳስታችኋል።

ልጅቷ ቆጣሪውን ስታስገባ 300 ላይ ቆመ። ብሎኩን ወደ ስቴጁ አዛወረች፣ ጠርዝ ላይ ማጥፊያውን ጨመረች። ከዚያ ስፔስን እንደልቧ ብትጫንም ቆጣሪው ከ6 አላለፈም።