ለእንስሳት በሽታ የጂኖሚክስ ጥናት ገንዘብ የሚያስገኝ ፕሮፖዛል እንዴት ይጻፋል?

የመጀመሪያው ፕሮፖዛሌ ውድቅ ሆኖ ሲመለስ ከገምጋሚዎቹ የአንዱ አስተያየት አንድ መስመር ብቻ ነበር፦ «የታመመች ላም ስትሉ ምን ማለታችሁ ነው?» ጂኖምን፣ ማለትም የአንድን ፍጡር ሙሉ የዘር መረጃ፣ ስለሚያነበው ማሽን ሦስት ገጽ ሙሉ ጽፈናል። ስለ በሽታው ግን «የታመሙና ጤነኛ እንስሳት ይመረጣሉ» ብለን አልፈናል። ያኔ በጣም ተናደድኩ። ከዓመታት በኋላ ገምጋሚ ስሆን ያንኑ ጥያቄ ለሌሎች ስጽፍ ከረምኩ። ስለዚህ ቅደም ተከተሉን ከበሽታው እጀምራለሁ፤ ማሽኑ ይቆየን።

1. የማንን ጂኖም እንደምታነቡ ወስኑ

የእንስሳውን ነው ወይስ የበሽታ አምጪውን? ሁለቱ ጥያቄያቸውም ወጪያቸውም ለየቅል ነው። «ሁለቱንም» የሚል መልስ ካላችሁ አብዛኛውን ጊዜ ገና አልወሰናችሁም ማለት ነው።

የእንስሳውን ጂኖም የሚያነብ ሰው የሚጠይቀው «በአንድ በረት ካደሩት አንዷ ስትታመም ሌላዋ ለምን ተረፈች?» ብሎ ነው። መንገዱ ፍሬ እንደሚያፈራ የሚያሳዩ ሥራዎች አሉ። የምዕራብ አፍሪካዎቹ ንዳማ ከብቶች ሌላው ከብት የሚያልቅበትን የገንዲ በሽታ ተቋቁመው ይኖራሉ። የበግ አንጎል የሚያጠቃውን ስክሬፒን የሚቋቋሙ በጎች በአንድ ዘረመል ልዩነት ስለሚለዩ፣ ብሪታንያ ከ2001 ጀምሮ (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ለዓመታት አውራ በጎችን እየመረመረች ለርቢ ስትመርጥ ነበር። በአሳማ ደግሞ ሲዲ 163 የተባለው ዘረመል ሲጠፋ ፒአርአርኤስ የተባለው፣ አሳማን የሚያስወርድና መተንፈሻውን የሚያጠቃው ቫይረስ ወደ ሕዋስ የሚገባበት በር እንደሚዘጋ በ2015 ይፋ ሆነ። በዚሁ ዘረመል ላይ የተሠሩ አሳማዎችን የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ያጸደቀው በ2025 ነው። አሥር ዓመት ገደማ ፈጅቷል። በሦስት ዓመት ጥናት «በሽታን የሚቋቋም ዝርያ እናወጣለን» ብላችሁ ልትጽፉ ስትሉ ይህን አስቡ።

የበሽታ አምጪውን የሚያነብ ሰው ጥያቄ ሌላ ነው፦ «በሽታው ከየት ተነስቶ ወዴት ሄደ?» እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚዘነጋው የለውጥ ፍጥነትን ነው። የአፍተግር ቫይረስ ጂኖም ከ8,000 ፊደል (የዘር መረጃው የተጻፈባቸው ኬሚካላዊ ፊደላት) ብዙም አይዘልም፤ ግን ቶሎ ቶሎ ይለዋወጣል። በ2007 በብሪታንያ በተነሳው ወረርሽኝ ቫይረሱ ከእርሻ ወደ እርሻ የሄደበት መንገድ በጂኖም ንባብ ተደርሶበታል። የከብት ነቀርሳ አምጪው ባክቴሪያ ግን ከ4 ሚሊዮን በላይ ፊደል ይዞ በዓመት አንዱን እንኳ ላይቀይር ይችላል። ስለዚህ «ነቀርሳው ከየትኛው ጎረቤት፣ በየትኛው ወር እንደመጣ እንለያለን» ብሎ የጻፈ ሰው ገና ሁለተኛው ገጽ ላይ ይያዛል።

2. «የታመመ» የሚለውን ቃል ፍቱ

ፕሮፖዛሉ የሚወድቀውም የሚነሳውም እዚህ ነው። የግት በሽታን እንውሰድ። ደካማው አጻጻፍ እንዲህ ይላል፦

«በግት በሽታ ከተያዙና ካልተያዙ ላሞች ናሙና ይወሰዳል።»

የሚሻለው እንዲህ ነው፦

«በአንድ የአለባ ወቅት ውስጥ በየወሩ በሚደረግ የወተት ምርመራ፣ በአንድ ሚሊ ሊትር ከ200,000 በላይ የሶማቲክ ሕዋስ ቢያንስ ሁለት ጊዜ የተገኘባት ላም ታማሚ ትባላለች። ጤነኛ የምትባለው በዚያው በረትና በዚያው ወቅት ስትታለብ ቆይታ በሁሉም ምርመራ ከዚያ በታች የሆነችው ናት። ሕዋሱን የሚቆጥረው ባለሙያ ላሟ የማን ልጅ እንደሆነች አያውቅም።»

(የሶማቲክ ሕዋስ ወተት ውስጥ የሚገኝ የላሟ የራሷ ሕዋስ ነው፤ ሲበዛ ግቷ መታመሙን ያሳያል።) ሁለተኛው ረዘም ይላል፤ ግን ገምጋሚው ሊጠይቅ ያሰበውን ሁሉ መልሷል። በተለይ «በዚያው በረት» የሚለውን ልብ በሉ። ለበሽታው ያልተጋለጠች ላም ጤነኛ ሆና መገኘቷ የመቋቋም ዘረመል አላት አያሰኝም፤ በሽታው አልደረሰባትም እንጂ። መጋለጣቸው ያልታወቀ እንስሳትን «ጤነኛ» ብሎ መቁጠር ስንት ጥሩ ሐሳብ ገደል ከቷል።

3. ቁጥሩን ከስታቲስቲክስ ባለሙያ ጋር ተነጋገሩ፤ ከመጻፋችሁ በፊት

ሒሳቡ ቀላል ነው። 50,000 የጂኖም ምልክቶችን (ከእንስሳ እንስሳ የሚለያዩ የጂኖም ቦታዎችን) ከበሽታው ጋር ይያያዙ እንደሆነ አንድ በአንድ ብትፈትኑ፣ በተለመደው የ5 በመቶ መስፈርት 2,500ዎቹ በዕድል ብቻ «አገኘን» ያስብሏችኋል። ስለዚህ መስፈርቱ 0.05 ለ50,000 ተካፍሎ ከሚሊዮን አንድ ይሆናል። ከዚህ መስፈርት በ40 ታማሚና በ40 ጤነኛ ከብት ማለፍ የሚቻለው እንደ ስክሬፒው አንድ ዘረመል ብቻውን ብዙ ሲሠራ ነው። አብዛኞቹ በሽታዎች ግን በብዙ ጥቃቅን ዘረመሎች የተሸረቡ ናቸው። ሌላም ወጥመድ አለ፦ ታማሚዎቹ በሙሉ የአንድ ኮርማ ልጆች ከሆኑ የምታገኙት የኮርማውን ዘር ምልክት እንጂ የበሽታውን አይደለም።

4. የገንዘብ ሰጪውን የፕሮፖዛል ጥሪ በእስክሪብቶ አንብቡ

አትሙትና እያሰመራችሁ አንብቡ። እያንዳንዱ ገንዘብ ሰጪ የራሱ ሚዛን አለው። የአውሮፓ ኅብረቱ የምርምር ገንዘብ ፕሮግራም ሆራይዘን ዩሮፕ ለምሳሌ በሦስት መስፈርት ይመዝናል፦ የሳይንሱ ጥራት፣ የሚያመጣው ለውጥና የአፈጻጸም አቅም። እያንዳንዱ ከ5 ይታረማል። የተለመደው ማለፊያ በእያንዳንዱ 3፣ በድምሩ ከ15 ቢያንስ 10 ነው። በሳይንሱ 5 አምጥቶ በአፈጻጸሙ 2.5 ያገኘ ቡድን ወደቀ። ብዙ ተመራማሪ ጉልበቱን ሁሉ ሳይንሱ ላይ ያፈስና የሥራ ዕቅዱን በመጨረሻዋ ሌሊት ይሞላል።

በጥሪው ላይ ለጥያቄ የተመደበ ሰው ካለ በግማሽ ገጽ ሐሳባችሁን ጽፋችሁ ጠይቁት። «ይህ ከእኛ ጥሪ ጋር አይሄድም» ቢላችሁ ሁለት ወር አተረፋችሁ።

5. በጀቱን ከላሟ አንገት ጀምራችሁ አስሉ

ሁሉም ሰው የሲኩዌንሲንጉን (የጂኖም ንባቡን) ዋጋ ይይዛል። የሚረሳው ከዚያ በፊትና በኋላ ያለው ነው።

በፊት ያለው ከአንገት ደም ሥር ደም የሚቀዳበት ጊዜ ነው። ለዲኤንኤ፣ ደም እንዳይረጋ የሚያደርገው ኤዲቲኤ ያለበትን ሐምራዊ ክዳን ብልቃጥ እዘዙ። አረንጓዴ ክዳኑ ሄፓሪን አለበት፤ እሱም ደም እንዳይረጋ ያደርጋል፤ ግን ፒሲአርን (ዲኤንኤ የሚባዛበትን ሥራ) ያውካል። ብልቃጡ ላይ በተራ እስክሪብቶ የተጻፈ ቁጥር በረዶው ሲቀልጥ አብሮ ይታጠባል፤ አንድ ሙሉ ሳጥን ናሙና በዚህ ምክንያት የማን እንደሆነ ሳይታወቅ ስንጥል አይቻለሁ። የባርኮድ ተለጣፊ፣ የመስክ መኪና ነዳጅ፣ የከብቱ ባለቤት ለሚያጠፋው ጊዜ የሚከፈል ገንዘብ፣ ሁሉም በጀት ውስጥ ይግባ።

በኋላ ያለው ዳታው ነው። የከብት ጂኖም 2.7 ቢሊዮን ፊደል ገደማ አለው። እያንዳንዱን ፊደል 30 ጊዜ ደግሞ ለማንበብ በአንድ እንስሳ 81 ቢሊዮን ፊደል ይወጣል። 200 ከብት ካላችሁ ማከማቻችሁ 10 ቴራባይትን በቀላሉ ይሻገራል፤ ቅጂ ደግሞ ያስፈልጋል። ይህን የሚተነትነው ሰው ደመወዝስ? «በነባር ሠራተኞች ይሠራል» የሚል መስመር ሳይ ወዲያው እጠረጥራለሁ። ገንዘቡ ካልበቃ ጥቂት እንስሳትን በጥልቀት፣ ብዙዎቹን በርካሽ የምልክት ቺፕ አንብቦ የጎደለውን በስሌት መሙላት የታወቀ ዘዴ ነው፤ እንደምትጠቀሙበት በግልጽ ጻፉ።

የአስተዳደር ወጪን በተመለከተ ደንቡ እንደየሰጪው ይለያያል። ሆራይዘን ዩሮፕ በቀጥታ ወጪ ላይ 25 በመቶ ይጨምራል፤ ሌሎች ከዚያ በታች ይሰጣሉ። የተቋማችሁን የፋይናንስ ክፍል ቀድማችሁ አነጋግሩ።

6. ፈቃዶቹን ቀድማችሁ ጀምሩ

የእንስሳት ሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ፣ የከብት ባለቤቱ ስምምነት፣ ናሙና ድንበር የሚያቋርጥ ከሆነ የናሙና ዝውውር ውል። ከ2014 ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው የናጎያ ፕሮቶኮል ደግሞ የዘረመል ሀብቱ የወጣባት አገር ከጥቅሙ እንድትካፈል ይጠይቃል። እነዚህ ወራት ይፈጃሉ፤ በሥራ ዕቅዳችሁ የመጀመሪያ ወራት ላይ አስቀምጧቸው።

7. ጂኖሚክስ ምን እንደሚጨምር ተናገሩ

ከምድር መጥፋቱ በ2011 የታወጀው የከብት ደስታ በሽታ የጠፋው በክትባትና በክትትል እንጂ በጂኖም ንባብ አይደለም። ጎበዝ ገምጋሚ ይህን ያውቃል፤ ስለዚህ «ለዚህ በሽታ ክትባቱ ለምን አይበቃም?» ይላችኋል። በ2030 ይጠፋል ተብሎ ለታቀደው የበግና የፍየል ደስታ መሰል በሽታ ለምሳሌ ጥሩ መልስ የሚሆነው «ክትባቱ አለ፤ የጂኖም ንባቡ ግን አዲስ የተነሳው በሽታ ከውጭ የገባ ይሁን ወይም ከመንጋው ያልጠፋ መሆኑን ይለይልናል፤ ክትባቱ የት እንደሚላክ የሚወስነውም ይኸው ነው» የሚል ነው። ውጤቱን የሚቀበለውን ክፍል በስሙ ጥሩ፦ የክትባት ዘመቻ የሚመራው ቢሮ፣ ኮርማ የሚመርጠው የማዳቀያ ማዕከል። ከተቻለ የድጋፍ ደብዳቤ አያይዙ፤ ደብዳቤው ግን እናንተ አርቅቃችሁ እሱ የፈረመበት እንዳይመስል።

8. ከማስገባታችሁ በፊትና ከተመለሰ በኋላ

ረቂቁን ጂኖሚክስ ለማያውቅ የመስክ የእንስሳት ሐኪም ስጡት። የት ላይ ቆሞ እንደጠየቀ ምልክት አድርጉ። ከቀነ ገደቡ ሁለት ቀን ቀድማችሁ አስገቡ፤ በመጨረሻው ሰዓት የማመልከቻ ገጹ ይጨናነቃል።

ውድቅ ከሆነ የገምጋሚዎቹን አስተያየት በሦስተኛው ቀን እንደገና አንብቡት። በሁለት ዓምድ ሰንጠረዥ በግራ አስተያየቱን፣ በቀኝ የቀየራችሁትን ከነገጽ ቁጥሩ አስቀምጡ። ያልተስማማችሁበት ካለ ምክንያቱን በአንድ አረፍተ ነገር ጻፉ። እኔ ያቺን አንድ መስመር ስመልስ «የታመመች ላም» የሚለው ፍቺ ወደ ፊተኛው ገጽ ወጣ፤ ማሽኑም ወደ አንድ አንቀጽ ወረደ።