የሎሚውን ክሽክሽ ያጠፋሁት ጉንዳኖችን በማገድ ነው
የግቢያችን የሎሚ ዛፍ ለጋ ቅጠሎች የተጨማደዱት በክሽክሽ (የቅጠል ፈሳሽ በሚመጡ ጥቃቅን ነፍሳት) ምክንያት ነበር፤ እንስቶቹ ያለ ወንድ ጭምር ስለሚወልዱ፣ በሳሙና ውሃ ባጥባቸውም ወዲያው ይራቡ ነበር። መፍትሔውን ያመለከቱኝ ግንዱ ላይ የሚመላለሱት ጉንዳኖች ናቸው። ጉንዳኖች ክሽክሹ የሚያመነጨውን ጣፋጭ ፈሳሽ ለመመገብ ሲሉ፣ እረኛ ከብቱን እንደሚጠብቅ ሁሉ፣ ጠላቶቹን ያባርሩለታል። ስለዚህ ግንዱን በፕላስቲክ ጠቅልዬ በላዩ ግራሶ ቀባሁ (ልጡን ስለሚጎዳ በቀጥታ መቀባት አይገባም)፤ ለጉንዳኖቹ መሻገሪያ የሚሆኑትን፣ ግድግዳ የሚነኩ ቅርንጫፎችም ቆረጥሁ። ከዚያ በኋላ ባለነጠብጣብ ቀያይ ጥንዚዛዎችና እጮቻቸው ያለ ከልካይ ክሽክሹን በሉት፤ አንዲት ጥንዚዛ በቀን እስከ 50 ልትበላ ትችላለችና፣ እነዚህን ድንቅ ፍጥረታት የሚገድል መርዝ መርጨት በእኔ እምነት ትልቅ ጥፋት ነው። አሁን የሚወጣው ቅጠል ጤነኛ ነው፤ ግራሶው ግን አቧራ ሲይዝ መታደስ አለበት።